የካፋ ቡና ካርታ በማን እጅ ይቀመጥ?

ቡና ሻጭና ቡና ገዢ ለረጅም ዘመን ሲከራከሩ የኖሩት በሦስት ነገር ነው፤ በሚዛን፣ በደረጃና በዋጋ። አሁን አራተኛ ተጨምሯል። የአውሮፓ ገዢ ቡናው የበቀለበት ማሳ በምድር ላይ የት እንደሚገኝ በቁጥር ተጽፎ ካልቀረበለት አልገዛም ማለት ጀምሯል። ይህ ቁጥር እንደ ጀንፈል በእጅ የማይዘገን፣ እንደ ጆንያ የማይቆጠር በመሆኑ ብዙው ነጋዴ ተራ የጽሕፈት ሥራ አድርጎ ያየዋል። አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ ከማሳ ማሳ ይዞራል፣ ይመዘግባል፣ ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ ከዚያ በኋላ መዝገቡ የት እንደገባ የሚጠይቅ አይገኝም።

መጠየቅ የሚገባው ግን እዚያ ላይ ነው። በቦንጋና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የሚዘጋጅ የማሳ መዝገብ በአንድ ወገን እጅ ብቻ ከቀረ፣ ገበሬው፣ መሠረታዊ ማኅበሩ፣ አቅራቢውና ደላላው የሚቀጥለውን ዓመት የመደራደር አቅማቸውን አብረው አስረክበዋል ማለት ነው። በዚህ ሳምንት የገበያ ትምህርታችን ነገሩ እንዴት እንደሚሆንና ነጋዴው ምን ማድረግ እንደሚችል እንመለከታለን።

ሕጉ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

የአውሮፓ ኅብረት ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት የመጣ ቡና፣ ካካዎ፣ ጎማ፣ የፓልም ዘይት፣ አኩሪ አተር፣ እንጨትና የዳልጋ ከብት ወደ ገበያው እንዳይገባ የሚከለክለውን ደንብ ቁጥር 2023/1115 አውጥቶ ሰኔ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ጸንቷል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። በመጀመሪያ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017፣ ቀጥሎ ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ተብሎ ነበር። በታኅሣሥ 2018 በወጣው ማሻሻያ መሠረት ለትላልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች ወደ ታኅሣሥ 21 ቀን 2019፣ ለአነስተኛና ለጥቃቅን ደግሞ ወደ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ተላልፏል። መለኪያ ቀኑ ግን አልተነካም። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ኅብረቱ ውስጥ አይሸጥም።

ቀኑ ሲገፋ እፎይ ያለ ነጋዴ ብዙ ነው። እፎይታው ግን የሚያዋጣ አይመስለንም፤ ምክንያቱም አስመጪው ከቀኑ ይልቅ የሚፈራው ቅጣቱን ነው። አገሮቹ የሚያወጡት የገንዘብ ቅጣት ጣሪያ ኩባንያው በኅብረቱ ውስጥ ከሚያገኘው ዓመታዊ ሽያጭ ከ4 በመቶ እንዳያንስ ደንቡ ያዛል። እንዲህ ያለ ቅጣት የተጋረጠበት ሰው ማስረጃውን አስቀድሞ መሰብሰብ ይፈልጋል። ከአገራችን የቡና ኤክስፖርት ሲሶ ገደማ የሚሆነው ወደ አውሮፓ የሚሄድ በመሆኑ ፍላጎቱ እኛ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

የሚጠየቀው ይህ ነው። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ኬክሮስና ኬንትሮሱ ከነጥቡ በኋላ በስድስት አኀዝ ይጻፋል። ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ ተለክቶ ወሰኑ ይቀርባል። ከዚህ ጋር የቡናው መጠን፣ የተመረተበት ጊዜ፣ ያቀረበው ድርጅት ስምና አድራሻ፣ ምርቱም የአምራቹን አገር ሕግ የተከተለ ስለመሆኑ ማስረጃ ይያያዛል። አስመጪው ይህንን ሁሉ 5 ዓመት የማቆየት ግዴታ አለበት።

አሁን ደግሞ የማይጠየቀውን እንይ፤ ነጋዴው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሂድ ብንባል የምንመርጥለት ይህንን ነውና። ወደ ኅብረቱ የመረጃ ሥርዓት በሚገባው የማሳ ፋይል ላይ የአገሩ ስም ግዴታ ሲሆን የገበሬው ስም በውዴታ የሚሞላ ቦታ ነው። የስልክ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የማሳው ጠቅላላ ምርት፣ ባለፈው ዓመት ለማን እንደሸጠ የሚገልጽ ቦታ ጭራሹን የለም። ይሁን እንጂ በየገጠሩ የሚዞረው ቅጽ ብዙ ጊዜ ይህንን ሁሉ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ሕጉ ስላስገደደ ሳይሆን ቅጹን ያዘጋጀው ድርጅት ስለሚፈልገው ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ለገዢ ምን ያህል የሚጠቅም የገበያ መረጃ እንደሆነ ለደላላ ማስረዳት አያስፈልግም።

ካፋ ለምን የተለየች ሆነች?

ቦንጋ ከጅማ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። የዞኑ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ቡናው ከጓሮ፣ ከተመነጠረ ጥላ ሥርና ከተፈጥሮ ደን ይለቀማል። አንድ አባወራ ከሦስቱም ሊለቅም ይችላል።

ነጥብ መዝጋቢው ችግር ላይ የሚወድቀው እዚህ ነው። ደንቡ የሚለው ቡናው የተለቀመበት እያንዳንዱ መሬት ይመዝገብ ነው። የቤቱን ደጃፍ አንድ ነጥብ ወስዶ መሄድ ቀላል ነው፤ ቡናው ግን የመጣው ግማሹ ከወንዝ ማዶ ካለ ደን ከሆነ መዝገቡ ሐሰት ሆነ ማለት ነው። በካፋ ባህል ኮቦ የሚባል የደን ይዞታ አለ። አንድ ቤተሰብ በአንድ የታወቀ የደን ክፍል ውስጥ ቡናውን፣ ማሩንና ቅመሙን የመሰብሰብ መብት ይኖረዋል። ወሰኑ ጅረት ነው፣ ሸንተረር ነው፣ ወይም ሽማግሌ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ትልቅ ዛፍ ነው። ይህ ይዞታ በመሬት ደብተር ላይ የማይሰፍር ሲሆን እስከ ዛሬ የተጻፈው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ሊጻፍ ነው። በመጀመሪያ የጻፈው ሰው ደግሞ ቀላል የማይባል ሥልጣን ያገኛል። የተመዘገበ ወሰን በኋላ የይዞታ ክርክር ቢነሣ እንደ ማስረጃ ሊጠራ ይችላል። ነጥቡ በጥብቅ ስፍራው ማዕከላዊ ክልል ውስጥ ያረፈበት ለቃሚ ለሽያጭ ብሎ የሰጠው ቁጥር መክሰሻው እንዳይሆን መስጋቱ ተገቢ ነው። ወሰኑን የማያውቅ የውጭ መዝጋቢ ከሁለት ቤተሰብ ኮቦ አንዱን ቆርሶ ለሌላው ቢጽፍ ደግሞ ጠቡ የሚቀረው ለመንደሩ ነው።

በአንድ በኩል ግን ካፋ ዕድለኛ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በቦንጋ ደን በተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ምክንያት ከመንግሥት ጋር ተዋውለው ደን የሚጠብቁና የሚጠቀሙ ማኅበራት ኖረዋል። እንዲህ ያለው ደን ከ4 ሄክታር በላይ ስለሚሆን የሚመዘገበው በወሰኑ ነው፤ ወሰኑ ደግሞ የማኅበሩ እንጂ የአንድ ግለሰብ አይደለም። ስለዚህ መዝገቡን ለመያዝ የሚገባው አካል ማን እንደሆነ ለሌላው ቦታ አከራካሪ ሲሆን ለካፋ ደን ቡና ግን አስቀድሞ የተመለሰ ነው።

መዝገብ ሲጠፋ ከዚህ ቀደም ምን ሆነ?

ነገሩ አዲስ መስሎ ቢታይም ተመሳሳዩን አይተናል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ሲቀበል ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከመሰሎቹ ጋር በአንድ ላይ እንዲሸጥ ተደረገ። ቦንጋም የቡና መረከቢያ መጋዘን ካላቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ሥርዓቱ ዋጋን በይፋ ከማሳወቅና ክፍያን ከማፋጠን አንጻር ያስገኘው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ሆኖም ጆንያው ከመጋዘኑ በር ሲገባ የአምራቹ ስም ከውጭ ይቀራል። በውጭ አገር የሚገኙ የልዩ ቡና ገዢዎች ወዲያው ማጉረምረም የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነበር።

የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ግን በቀጥታ እንዲልኩ ስለተፈቀደላቸው ስማቸውን ይዘው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የካፋ ደን ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የመሠረታዊ ማኅበራቱን ቡና በስሙ ለመሸጥ የቻለው የአባላት መዝገብ ስለነበረው ጭምር ነው። ቀስ በቀስም ከአዋጅ ቁጥር 1051/2009 ወዲህ በአቅራቢና በላኪ መካከል የቀጥታ ትስስር በር እየሰፋ መጣ። ምንጩን የሚያሳይ መዝገብ ያለው ሻጭ ተፈላጊ ሆነ።

ሁለተኛው ትምህርት ከተፈጥሮአዊ ቡና ምስክር ወረቀት የተገኘ ነው። ትንንሽ ገበሬዎች በቡድን ሲመሰክርላቸው የአባላት ዝርዝርና የማሳ ካርታ ያለው የውስጥ ቁጥጥር መዝገብ ይዘጋጃል። ወጪውን ላኪው ወይም ገዢው በሚከፍልበት ቦታ ምስክር ወረቀቱ የሚጻፈው በከፋዩ ስም ነው። ውጤቱ ምን ይሆናል? ገበሬው ለዚያው ከፋይ ሲሸጥ ቡናው ተፈጥሮአዊ ነው፤ ጎረቤት ላለው ሌላ ነጋዴ ሲሸጥ ያው ቡና፣ ከዚያው ዛፍ፣ በዚያው ቀን የተለቀመ፣ ተራ ቡና ይሆናል። በዚህ መንገድ ስንት ገበሬ በአንድ ገዢ ታስሮ እንደኖረ የገበያው ሰው ያውቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት ራሱ በደንብ ቁጥር 2018/848 የገበሬዎቹ ቡድን የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ይኑረው፣ አባላቱም ከ2,000 አይብለጡ ብሎ ለውጦታል።

የማሳ መገኛ መዝገብ ከምስክር ወረቀቱ የባሰ እስር ሊያመጣ ይችላል። ምስክር ወረቀት የሌለው ቡና ቢያንስ በተራ ዋጋ ይሸጣል፤ የመገኛ መዝገብ የሌለው ቡና ግን አውሮፓ ለመግባት ዋጋ ቢቀንስለትም አይችልም።

ስሌቱን እንሥራው

አንድ ኮንቴይነር ቡና 320 ጆንያ ሲሆን በ60 ኪሎ ሲባዛ 19,200 ኪሎ ይመጣል። ለምሳሌ ያህል አንድ የደን ቡና ለቃሚ ቤተሰብ በዓመት 1 ኩንታል ንጹሕ ቡና ያቀርባል እንበል። ኮንቴይነሩን ለመሙላት 192 ቤተሰብ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ከሁለት ቦታ ከለቀመ 384 መገኛ ነጥብ ይሆናል። መዝጋቢው በጭቃና በቁልቁለት እየተጓዘ በቀን 12 ነጥብ ቢወስድ 32 የሥራ ቀን ይፈጅበታል። አበሉን፣ መጓጓዣውንና የመሪ ሽማግሌውን ውሎ አንባቢ በራሱ ያስላው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተሠርቶ መዝገቡ በአንድ ላኪ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ተቀምጧል እንበል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ላኪ በፈረሱላ የተሻለ ዋጋ ይዞ ቦንጋ ይመጣል። ማኅበሩ መሸጥ ይፈልጋል፤ መዝገብ ግን የለውም። አዲሱ ላኪ 32 ቀን ጠብቆ እንደገና ያስመዝግብ ቢባል ለቀማው ያልፋል፤ የመርከብ ቀኑም አይጠብቀውም። የመጀመሪያው ላኪ ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ የሚጨምርበት ምክንያት የለውም። ክፋት አለበት ለማለት አይደለም፤ ገንዘቡን አውጥቶ ያስመዘገበ ነጋዴ ጥቅሙን መጠበቁ የሥራው ጠባይ ነው።

ላኪውም ቢሆን ነፃ ነው ማለት አይደለም። መዝገቡን በኪራይ በሚሠራ የውጭ አገር ሶፍትዌር ላይ ካስቀመጠና ኪራዩ በዶላር ከሆነ፣ መክፈል ባቃተው ወር የራሱን የአቅራቢዎች ዝርዝር ማየት ሊከለከል ይችላል። ገበሬው በላኪው፣ ላኪው በሶፍትዌር ኩባንያው ይታሰራል ማለት ነው።

ያልተማከለ ማለት ምን ማለት ነው?

ባለሙያዎች ለዚህ ዓይነት ችግር የሚያቀርቡት መፍትሔ ያልተማከለ የመረጃ አያያዝ ይባላል። ስሙ ቢያስፈራም አሠራሩን እናውቀዋለን። ሁለት ሰዎች ቤት ሲሸጡና ሲገዙ ውሉ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ እያንዳንዳቸው አንዱን ይይዛሉ። የዕቁብ ጸሐፊ ደብተሩ ቢጠፋበት ዳኛው የጻፈው አለ፤ አባላቱም የየራሳቸውን ያስታውሳሉ። ቁም ነገሩ መዝገቡን አንድ ሰው ብቻውን ሊያጠፋው፣ ሊቆልፈው ወይም ሊደልዘው አለመቻሉ ነው።

የኢንተርኔት የመጀመሪያው አሠራርም እንዲሁ ነበር። ኢሜይል ዛሬም ያልተማከለ ነው፤ የአንዱ ኩባንያ ደንበኛ ለሌላው ኩባንያ ደንበኛ ይጽፋል፣ ማንም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ቴሌግራምና ፌስቡክ ግን አንድ ባለቤት፣ አንድ በር ያላቸው ናቸው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ለአምስት ወር ገደማ ተዘግተው እንደነበር ይታወሳል። የደንበኞቹን አድራሻ፣ የዋጋ ልውውጡንና የናሙና ፎቶውን በቴሌግራም ብቻ ያስቀመጠ ነጋዴ በሩ ሲዘጋ ንብረቱ ከውስጥ ቀረ። በወረቀት ወይም በራሱ ኮምፒዩተር ቅጂ የነበረው ግን ስልክ እየደወለ ሥራውን ቀጠለ።

ያልተማከለ ሲባል ብዙው ሰው ብሎክቼይን ይላል። ይህንንም አገራችን ሞክራዋለች። የካርዳኖ ገንቢ የሆነው አይ ኦ ኤች ኬ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ስምምነት ሲፈራረም የቡናን ጉዞ ከማሳ እስከ ገዢ መከታተል ከታሰቡት ሥራዎች አንዱ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2021፣ ትልቅ ዜና ሆኖ የመጣው ግን ከቡናው ሳይሆን ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን መለያና ውጤት ለመመዝገብ የተደረገው ስምምነት ነው።

ለቡና መዝገብ ብሎክቼይን ያስፈልጋል ወይ ቢባል በእኛ አስተያየት ለጊዜው አያስፈልግም። አንደኛ፣ ብሎክቼይን አንዴ የተጻፈበትን አይሰርዝም፤ የገበሬን ስምና ማሳ በማይሰረዝ መዝገብ ላይ ማስፈር ደግሞ ይሰረዝልኝ ከማለት መብቱ ጋር ይጋጫል። ሁለተኛ፣ ሰንሰለቱ የገባበትን ይጠብቃል እንጂ የገባው እውነት ስለመሆኑ አያውቅም። መዝጋቢው ቡና ቤት ቁጭ ብሎ የፈጠረው ነጥብ በብሎክቼይን ላይ ሲሰፍር የማይሰረዝ ውሸት ይሆናል።

ሁለት ደብተር፣ አንድ ቁልፍ

ከብሎክቼይኑ የሚጠቅመን አንድ ዕቃ አለ፤ እሱን ብቻ ወስደን በርካሽ መሥራት እንችላለን። እንዴት እንደሆነ እነሆ።

ማኅበሩ ሁለት ደብተር ያዘጋጃል። በመጀመሪያው የገበሬው ስም፣ ስልክ፣ የአባልነት ቁጥርና የኮቦው ወይም የማሳው መጠሪያ ይጻፋል። በሁለተኛው ስም የለም፤ የማሳ ኮድ፣ መገኛ ነጥብ ወይም ወሰን፣ ስፋትና የተመዘገበበት ቀን ብቻ። ሁለቱን የሚያገናኘው የማሳው ኮድ ነው። የመጀመሪያው ደብተር ከቦንጋ አይወጣም፤ ወደ ላኪውና ወደ አስመጪው የሚጓዘው ሁለተኛው ነው። አስመጪው አንድን ማሳ ተጠራጥሮ ተጨማሪ ማስረጃ ከጠየቀ የዚያ አንድ ማሳ ፋይል ይላክለታል፤ የ192ቱ ቤተሰብ ዝርዝር አይላክም።

እርግጥ ነው፣ ነጥቡ ራሱ ወደ ሰውየው ደጃፍ ይመራል። ቆርጦ የተነሣ ገዢ መኪና አስነሥቶ ሊደርስበት ይችላል። ቢሆንም ስልክ ደውሎ መድረስና ቁልቁለት ወርዶ መድረስ እኩል አይደሉም።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ማንኛውም የኮምፒዩተር ፋይል በስሌት የሚወጣለት አሻራ አለው። ሻ 256 በሚባለው ስሌት ፋይሉ ትንሽም ሆነ ትልቅ አሻራው ምንጊዜም 64 ፊደልና ቁጥር ነው። ከፋይሉ አንዲት አኀዝ ብትለወጥ አሻራው በሙሉ ይለወጣል፤ ከአሻራው ተነሥቶ ግን ፋይሉን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ መዝገቡ በተዘጋ ዕለት ማኅበሩ አሻራውን አውጥቶ በቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፍረዋል፣ ለዩኒየኑ፣ ለላኪውና ለወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት አንድ አንድ ቅጂ ይሰጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህ ነጥብ ተቀይሯል፣ አልተቀየረም የሚል ክርክር ቢነሣ የማን ቅጂ ትክክል እንደሆነ በደቂቃ ይታወቃል። ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራም በየኮምፒዩተሩ በነፃ ይገኛል።

መሣሪያውም ውድ አይደለም። ኮቦቱልቦክስና ኦ ዲ ኬ የሚባሉት የመረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራሞች፣ ለወሰን ልኬት ደግሞ ኪውፊልድ፣ የፈጠራ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። በተራ አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሠራሉ፣ ኔትወርክ በሌለበት መዝግበው ከተማ ሲደርሱ ያራግፋሉ፤ ዩኒየኑ ከፈለገ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ተክሎ ሊጠቀምባቸው ይችላል። የኮቦቱልቦክስ ስም ከካፋው ኮቦ ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ለሽማግሌዎቹ ለማስረዳት ግን ሳይመች አይቀርም። ከዚህ ሌላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ሙሉ መዝገቡን በወረቀት አትሞ ማስቀመጥን አንርሳ። ወረቀት መብራትም የይለፍ ቃልም አይጠይቅም።

ሁለት የእጅ ሥራ ጥንቃቄዎች እንጨምር። ከነጥቡ በኋላ ያለው ስድስተኛ አኀዝ በመሬት ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በካፋ ጥቅጥቅ ደን ሥር የቆመ ስልክ ግን ብዙ ሜትር ሊስት ይችላል፤ ስድስት አኀዝ ስለተጻፈ ብቻ ልኩ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ቅጠሉ ሳሳ ያለበት ቦታ ቆሞ፣ ታግሶ፣ ደጋግሞ መውሰድ ይሻላል። ሁለተኛው የቅደም ተከተል ነገር ነው። ጂኦጄሰን የሚባለው የፋይል ዓይነት ኬንትሮስን አስቀድሞ ኬክሮስን ያስከትላል፤ የእኛ ሰው በልማድ ተቃራኒውን ይጽፋል። ቦንጋ በኬክሮስ 7.27፣ በኬንትሮስ 36.25 ገደማ ናት። ቁጥሮቹ ከተገለበጡ የካፋ ቡና ሰሜን ምሥራቅ አልጄሪያ ውስጥ በቅሎ ይገኛል። ኮምፒዩተር ይህን ዓይቶ አይስቅም፤ ጭነቱን ያስቆማል እንጂ።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለግለሰብ ጥሩ ጋሻ ነው። መረጃው ለምን ዓላማ እንደተሰበሰበ የማወቅ፣ ቅጂውን የማግኘት፣ ስሕተቱን የማሳረም፣ በሁኔታው መሠረትም የማሰረዝ መብት ይሰጠዋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ነገር ግን አዋጁ የሚጠብቀው የተፈጥሮ ሰውን ነው። ማኅበሩ ወይም አቅራቢው ደክሞ ያዘጋጀውን ዝርዝር እንደ ንግድ ሀብት አይጠብቅለትም። ይህን የሚጠብቀው ውል ብቻ ነው።

በመሆኑም ከመዝጋቢ ወይም ከላኪ ጋር የሚፈረመው ውል በግልጽ ሊል የሚገባው፣ ምዝገባው በተጠናቀቀ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ሙሉው ፋይል በማንኛውም ፕሮግራም በሚከፈት መልክ ለማኅበሩ እንደሚሰጥ ነው። የፒዲኤፍ ሕትመት ብቻ መስጠት እንደ መስጠት አይቆጠርም፤ 384 ነጥብ እንደገና በእጅ መገልበጥ ሊመጣ ነውና። መዝገቡ ለዚያ ዓመት ጭነት ማረጋገጫ ብቻ እንደሚውልና ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን እንደማይተላለፍም ይስፈር። አስመጪው 5 ዓመት የማቆየት ግዴታ ስላለበት ወዲያው ይሰረዝ ማለት አይቻልም፤ ከግዴታው ዘመን በኋላ ይሰረዝ ማለት ግን ይቻላል።

ላኪው የምዝገባውን ወጪ እኔ ከፍያለሁ ካለስ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ወጪው በውሉ ላይ በብር ይጻፍና ለምሳሌ በሁለት የምርት ዘመን ከዋጋ ላይ ይታሰብለት፤ ወይም ለዚያ ጊዜ ቅድሚያ የመግዛት መብት ይሰጠው። ዕዳ የሚያልቅበት ቀን አለው። ቀን ያልተቆረጠለት መያዣ ግን ዕዳ መሆኑ ቀርቶ ባለቤትነት ይሆናል።

አቅራቢውና ደላላው ደግሞ ከሁሉ የሚፈሩት ዝርዝሩን ካስረከብን ላኪው ዘሎን ይሄዳል የሚለውን ነው። ፍርሃታቸው መሠረት አለው፤ የቀጥታ ትስስር የተፈቀደ ነውና። የሁለት ደብተር አሠራር እዚህ ላይ ከገበሬው ይልቅ ለእነሱ ሳይጠቅም አይቀርም። ነጥቡን ይሰጣሉ፣ ስሙንና ስልኩን ያስቀራሉ። ይህ ሲባል ግን መዝገቡ የደላላው ንብረት ነው ማለት አይደለም። ገበሬው ስሙን የሰጠው አምኖ ነው፤ ዩኒየኑም ሆነ ደላላው በአዋጁ ፊት እንደ ላኪው ሁሉ ተጠያቂ ናቸው። ገበሬዎቹ ሳያውቁ ዝርዝራቸውን ለሁለት ላኪ የሸጠ አቅራቢ በዚህ ዓምድ ድጋፍ አያገኝም።

መዝገባቸው ቀድሞ በሌላ እጅ የገባ ማኅበራትም አሉ። እነዚህ በመጀመሪያ ቅጂው ይሰጠን የሚል ደብዳቤ መጻፍ አለባቸው። ብዙ ላኪ በቀጥታ ሲጠየቅ ይሰጣል፤ እስካሁን ያልሰጠው የጠየቀው ስላልነበረ ሊሆን ይችላል። እምቢ ካለ ማኅበሩ እንደ ድርጅት በአዋጁ መከራከር ባይችልም አባላቱ ግን ይችላሉ። እያንዳንዱ ገበሬ ስለ እኔና ስለ ማሳዬ የያዛችሁት መረጃ ቅጂ ይሰጠኝ የሚል ግማሽ ገጽ ማመልከቻ ፈርሞ ወይም አውራ ጣቱን አኑሮ ለማኅበሩ ይወክላል። 192 ማመልከቻ በአንድ ቀን የደረሰው ላኪ አንድ በአንድ ከሚመልስ ሙሉውን ፋይል በአንድ ፍላሽ ቢሰጥ ይቀለዋል። ይህ ሥራ ለቀማ ከመግባቱ በፊት፣ ገበሬው ቤቱ በሚገኝበት በክረምቱ ወራት ቢጠናቀቅ ይመረጣል።